«በዘመነ ማርቆስ» ሲባል ስንት ዓመተ ምሕረት ነው?

ጎንደር ላይ አንድ አዛውንት መቼ እንደተወለዱ ቢጠየቁ «ጣልያን የወጣ ጊዜ፣ በዘመነ ማርቆስ» ሊሉ ይችላሉ። መልሱ ሙሉ ነው፤ መፍታቱን ማወቅ ግን የጠያቂው ፈንታ ነው።

አራቱ ወንጌላውያን በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን ይፈራረቃሉ። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩና ለ4 አካፍሉ። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው።

ስሙ ብቻውን ግን ዓመት አይሰጥም፤ 1930ም፣ 1934ም፣ 1938ም ማርቆስ ናቸው። ዓመቱን ለይቶ የሚያስረው ሕዝቡ ያልረሳው ነገር ነው። ብዙ ሰው የሚስተውም እዚህ ላይ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ስለሆነ፣ «ጣልያን የወጣ ጊዜ» ሲባል መዝጋቢው 1933 ብሎ ይጽፋል። 1933 ደግሞ ማቴዎስ ነው፤ ስለዚህ አዛውንቱ የተሳሳቱ ይመስለዋል። ጎንደር ላይ ግን ጣልያን እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው። 7434 ለ4 ሲካፈል 2 ይተርፋል፤ ማርቆስ! እርሳቸው ያስታወሱት የአገራቸውን ቀን ነው። እባካችሁ «ማርቆስ» የሚለውን ቃል ከመዝገብ አትሰርዙት።

ድርቡሽ (የሱዳን መሐዲስት ጦር) ጎንደርን ያቃጠለበት 1880 ዮሐንስ ነው። «ክፉ ቀን» የተባለው ታላቅ ረሃብ ግን ዓመታት ስለቆየ፣ የወንጌላዊው ስም ከተረሳ የትኛው ዓመት እንደሆነ መለየት አይቻልም።