የሬቲና መላቀቅ ምንድን ነው?

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ለምንኖር ሰዎች መሀል ከተማ ደርሶ መመለስ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ጎረቤቴም ዓይኑ አስቸግሮት ሳለ «ሥራዬን ልጨርስና ቅዳሜ እሄዳለሁ» ያለው ለዚህ ነው። የልስን ባለሙያ ነው። መጀመሪያ ማታ ማታ በግራ ዓይኑ ዳር ብልጭ ይልበታል፤ መብራት ሊሄድ ሲል እንደሚያደርገው መስሎት ናቀው። ከዚያ ጥቀርሻ የመሰለ ነገር ፊቱ ላይ ይንሳፈፍ ጀመር። አንድ ክሊኒክ «ሲሚንቶ ገብቶብህ ይሆናል» ብለው ጠብታ ሰጡት። ቅዳሜ ሲደርስ ከአፍንጫው በኩል ጥቁር ጥላ ከታች ወደ ላይ እየወጣ ግማሹን ጋርዶት ነበር።

ምንም አላመመውም። የነገሩ ክፋት እዚህ ላይ ነው፤ ሬቲና የሕመም ስሜት የለውም።

ሬቲና የዓይንን ውስጠኛ ጀርባ የሚያለብስ ስስ የነርቭ ሽፋን ነው። ብርሃን እሱ ላይ ያርፋል፣ እሱ ደግሞ መልእክቱን በዕይታ ነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይልካል። ድሮ ጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ ጋዜጣ ሲለጠፍ ያየ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ጋዜጣው አንድ ቦታ ከተቀደደና ውሃ ከገባበት ከሥር እየሰረገ ያሳብጠዋል፣ በመጨረሻም ከግድግዳው ይለያል። ዓይን ውስጥ ቀዳጁ ማነው ካላችሁ፣ መሀሉን የሞላው እንቁላል ነጭ የመሰለ ዝልግልግ ነገር ነው። ዕድሜ ሲገፋ እየቀጠነ ይኮማተራል፤ ሲሸሽ አንዳንድ ቦታ ሬቲናውን ይዞ ይጎትትና ይቀደዋል። ብልጭታው የመጎተቱ ምልክት ነው። የተላቀቀው ክፍል ደግሞ ከጀርባው ካሉት የደም ሥሮች ስለሚርቅ ምግብና ኦክስጅን ያጥረዋል።

ተንሳፋፊ ነጥብ ያየ ሁሉ ሬቲናው ተላቀቀ ማለት አይደለም፤ ከ50 ዓመት በኋላ የተለመደ ነው፣ አብዛኛውም ምንም አያመጣም። ድንገት ከበዛና ብልጭታ ከተጨመረበት ግን ብሌን በጠብታ አስፍቶ የሚያይ የዓይን ሐኪም ካልሆነ በቀር ማንም ሊለየው አይችልም። (ብሌናችሁ ከሰፋ በኋላ ለሰዓታት ይደበዝዝባችኋል፣ ታክሲ የሚያሳፍራችሁ ሰው ይዛችሁ ሂዱ።) ከማይነስ 6 በላይ መነጽር የሚያደርግ፣ ሞራ በቀዶ ሕክምና የወጣለት፣ ዓይኑን የተመታ፣ ቤተሰቡ ውስጥ ይህ ችግር ያለበት ሰው የበለጠ ይጠንቀቅ። የስኳር ሕመምተኛ ላይ ደግሞ ቀዳዳ ሳይኖር ጠባሳ ጎትቶ ሊያላቅቀው ይችላል።

እኛ ሰፈር ዓይን ሲደበዝዝ ሁሉም «ሞራ ነው» ይላል። ሞራ ይጠብቃል፤ ዘንድሮ ባይወጣ ከርሞ ይወጣል፣ ብዙውን ጊዜ ዕይታውም ይመለሳል። የሬቲና መላቀቅ ግን ጥርት አድርገን የምናይበት መሀለኛው ቦታ፣ ማኩላ የሚባለው፣ ሳይላቀቅ መድረስን ይጠይቃል። ልዩነቱ የቀናት፣ አንዳንዴም የሰዓታት ነው።

እስከ 1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ መፍትሔው ዓይንን ሸፍኖ አልጋ ላይ መተኛት ብቻ ነበር። የሎዛኑ ስዊዘርላንዳዊ ሐኪም ዡል ጎኔን ግን ጥፋቱ የቀዳዳው ነው፣ እሱ ካልተዘጋ ዋጋ የለውም ብሎ ቀዳዳውን በሙቀት ተኩሶ ዘጋው። መሠረቱ ዛሬም ያው ነው። ቀዳዳ ብቻ ከሆነ በሌዘር ዙሪያውን ይተኮሳል፣ በዚያው ቀን ወደ ቤት ነው። ከተላቀቀ ወይ ከውጭ የሲሊከን ቀበቶ ተሰፍቶ ግድግዳው ወደ ጋዜጣው ይገፋል፣ ወይም ውስጥ ተገብቶ ያ የሚጎትተው ነገር ይወጣል። ይህን ሁለተኛውን ሮበርት ማኬመር ማያሚ ውስጥ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አስጀመረው። ዛሬ መሣሪያው ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ይቀጥናል።

ከዚያ ሬቲናውን ደግፎ የሚይዝ ጋዝ ወይም የሲሊከን ዘይት ይሞላል። ጋዝ ወደ ላይ ስለሚንሳፈፍ ቀዳዳው ወዳለበት እንዲሄድ ታካሚው ሐኪሙ ባዘዘው አቅጣጫ፣ ብዙ ጊዜም በደረቱ ተኝቶ ወይም አቀርቅሮ፣ ለቀናት ይቆያል። ሊጠይቁት የመጡ ሰዎች ምን እንዳጠፋ ቢጠያየቁ አይገርምም።

ጋዝ ከፍታ አይወድም። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ዓይን ውስጥ ያለው ጋዝ ይነፋል፣ ደም እንዳይደርስ እስከማገድ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ጋዙ እስኪጠፋ፣ እንደ ዓይነቱ ከሁለት እስከ ስምንት ሳምንት፣ አውሮፕላን ክልክል ነው። እኛ አገር መኪናም ያሳስባል። አዲስ አበባ ታክሞ በጣርማ በር በኩል ወደ ደሴ የሚመለስ ሰው ከ3,000 ሜትር በላይ ሊወጣ ነውና መንገዱን ለሐኪሙ ቀድሞ ይንገር። ዘይት አይነፋም፤ ግን ከወራት በኋላ ብዙ ጊዜ በሌላ ቀዶ ሕክምና ይወጣል።

ይህ ሁሉ ለሬቲና ነው። የዕይታ ነርቭ ራሱ ከሞተ፣ ግላኮማ በሚባለው የዓይን ግፊት ሕመም እንደሚሆነው፣ መልሶ የሚተክለው ቀዶ ሕክምና የለም፤ የግላኮማ ቀዶ ሕክምና ግፊቱን ቀንሶ የቀረውን ማዳን ብቻ ነው።

የጎረቤቴ ሬቲና ተመልሶ ተጣብቋል። ማኩላው ቀድሞ ተላቅቆ ስለነበር ግን በግራው ቀጥ ያለ ነገር ይጣመምበታል። ልስን ላይ ነው፣ ቱንቢውን የሚያየው በቀኝ ዓይኑ ነው።