የችግኝ መብራት፦ ዋቱ ስንት፣ ከፍታው ስንት?

ጎንደር ፒያሳ አምፖል ሲገዙ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል። «100 ዋትን የሚተካ» የተባለ ኤልኢዲ የሚበላው 15 ዋት ገደማ ነው። እባክዎ ትንሿን ጽሑፍ ያንብቡ።

ዋት የሚበላውን ኤሌክትሪክ ይነግርዎታል እንጂ ቅጠሉ ላይ ስንት ብርሃን እንደሚያርፍ አይነግርም። እዚህ ላይ ርቀቱ ትልቅ ድርሻ አለው። አንዱን አምፖል ከ30 ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካደረጉት ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል! ግማሽ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ረጅም ቱቦ መብራት ግን እንዲህ ቶሎ አይዳከምም።

ለ15 ዋቱ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ የቃሪያ ችግኝዎን ይዩ። ግንዱ ቀጥኖ ሽቅብ ከተመዘዘ መብራቱን ዝቅ ያድርጉ። የላይኞቹ ቅጠሎች ከነጡ ወይም ጫፋቸው ከተጠቀለለ ከፍ ያድርጉት።