በሆስፒታል ቅጥር ውስጥ የሚሠሩ ፈጣን ምግብ ቤቶች

ሆስፒታል በራሱ ወጥ ቤት አብስሎ በየአልጋው የሚያድለው ምግብ አንድ ነገር ነው፤ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ቦታ ተከራይቶ የሚሸጥ ፈጣን ምግብ ቤት ደግሞ ሌላ። ይኛው የራሱ ስም፣ የራሱ ሠራተኛና የራሱ የምግብ ዝርዝር ያለው ነጋዴ ነው። አብዛኛውን ጊዜም እንደ ማክዶናልድስ፣ በርገር ኪንግ፣ ሰብዌይ ወይም ቲም ሆርተንስ ያለ ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ኩባንያ ስም ይዞ ይሠራል። ቦታውም ሰው የሚተላለፍበት ነው፦ ዋናው መግቢያ፣ የተመላላሽ ታካሚዎች አዳራሽ፣ ወይም ከመኪና ማቆሚያው የሚያስገባው ኮሪደር።

ነገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማን ሰው ግራ ያጋባል። ላይ ፎቅ የተዘጋ የልብ ቧንቧ ይከፈታል፤ ታች ድንች በዘይት ይጠበሳል። ሆኖም ፈጣን ምግብ ቤቱ ወደ ሆስፒታሉ ሰብሮ አልገባም፤ ሆስፒታሉ ራሱ በውል አስገባው። የሚያስገባበትም ምክንያት ነበረው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአሜሪካ በ1983 ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የሕክምና መድን የአከፋፈል ስልቱን ለወጠ። እስከዚያ ሆስፒታሉ ያወጣውን ወጪ መዝግቦ ይጠይቅ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ለየሕመሙ ዓይነት አስቀድሞ የተወሰነ ሂሳብ ብቻ ይከፈለው ጀመር። በዚያው ዓመት የብሪታንያ መንግሥት የሕዝብ ሆስፒታሎቹ የጽዳት፣ የልብስ አጠባና የምግብ አገልግሎታቸውን ለጨረታ እንዲያቀርቡ አዘዘ፤ በ1988 የወጣ ሕግ ደግሞ ከሕክምና ውጪ ገቢ የሚያገኙበትን መንገድ አሰፋላቸው። በሁለቱም አገሮች የሆስፒታል አስተዳዳሪዎች ካፌቴሪያውን በሒሳብ ሠራተኛ ዓይን ማየት ጀመሩ። ካፌቴሪያው ኪሳራ ነው፤ ሠራተኛ ይፈልጋል፣ ዕቃው ይሰበራል፣ ማታ ይዘጋል። ተከራዩ ግን ኪራይ ይከፍላል፣ ምድጃውን በራሱ ገንዘብ ይተክላል፣ ሌሊትም ክፍት ሆኖ ያድራል። ኪራዩ ቁርጥ ያለ ሊሆን ይችላል፤ ከሽያጩ በመቶኛ የሚታሰብበትም ውል አለ። ይህ ሁለተኛው ዓይነት ውል ነው የሚያነጋግረው፤ ምክንያቱም ብዙ በርገር በተሸጠ ቁጥር የሆስፒታሉ ድርሻ ከፍ ይላል።

በዚህ መንገድ በለንደን በጋይስ ሆስፒታል ውስጥ ማክዶናልድስ፣ በካምብሪጅ በአደንብሩክስ ሆስፒታል ውስጥ በርገር ኪንግ ለዓመታት ሠርተዋል። ቶሮንቶ የሚገኘው ትልቁ የሕፃናት ሆስፒታልም በርገር ኪንግ ነበረው። የሜልበርኑ ሮያል የሕፃናት ሆስፒታል በ2011 ወደ አዲሱ ሕንፃው ሲዛወር ማክዶናልድሱ አብሮት ገባ። በ2002 በአንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ በወጣ አጭር ቆጠራ፣ በአገሪቱ ግንባር ቀደም ከተባሉ 16 ሆስፒታሎች መካከል ስድስቱ እንዲህ ያለ ምግብ ቤት ነበራቸው።

ደንበኛው ማነው ቢባል፣ ብዙ ሰው የሚገምተው ተኝቶ የሚታከመውን ነው። እሱ ግን የሚበላው ከወጥ ቤት የሚመጣለትን ነው፤ የምግብ ባለሙያውም ጨውና ስኳሩን ይቆጣጠርለታል። ወረፋውን የሚሞላው አስታማሚው ነው፤ ሌሊቱን ወንበር ላይ ያደረ፣ ሐኪሙ ጉብኝት ሲመጣ እንዳያመልጠው የፈራ፣ ከሕንፃው ርቆ መሄድ የማይችል ሰው። ለደም ምርመራ ሳይበላ የመጣው ተመላላሽ ታካሚም ከላቦራቶሪ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያየው የምግብ ቤቱን መብራት ነው። ተረኛ ነርስና ሬዚደንት (በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ያለ) ሐኪምም አሉ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሥር ደቂቃ ብቻ ያገኘ ሰው የሚመርጠው ምግብ ሳይሆን ፍጥነት ነው፤ ይህን ተረኛ ሆኖ ያደረ ሁሉ ያውቀዋል። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሆስፒታሎች ጠያቂና አስታማሚ እንዳይገባ ሲከለክሉ በየአዳራሹ ያሉ ምግብ ቤቶች ጭር ማለታቸውም ገበያቸው በማን ላይ እንደቆመ አሳይቷል።

ሕመምተኛው ጨርሶ አይበላም ማለት ግን አይደለም። በሕፃናት ሆስፒታል ነገሩ ከምንም በላይ ይወሳሰባል። የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ጣዕም ይጠፋበታል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ለሳምንት ምንም አልቀምስ ሊል ይችላል። እንዲህ ያለ ልጅ «የድንች ጥብስ አማረኝ» ያለ ዕለት ከእናቱ ቀድማ የምትደሰተው ነርሷ ናት። ሳንባንና የምግብ መፈጨትን የሚጎዳው፣ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የተባለው በሽታ ያለባቸው ልጆችም ሐኪሞቻቸው ስብና ካሎሪ የበዛበት ምግብ ያዙላቸዋል። በተጨማሪም በብዙ ሆስፒታሎች የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሕመምተኞች ጥሬ አትክልት እንዳይበሉ ለዓመታት ሲመከሩ ኖረዋል። በዚህ ምክር መሠረት ያ ልጅ ሰላጣው ሲከለከል ትኩስ ጥብሱ ይፈቀድለታል ማለት ነው። ምግብ ቤቶቹ ይውጡ የሚሉ ሰዎች ይህን ገጽታ ብዙም አያነሱትም።

የልብ ድካም ያለበት ሰው ጉዳይ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲበላ ይመክራል፤ አንድ ትልቅ በርገር ከድንች ጥብስ ጋር የዚህን ግማሽ በቀላሉ ይይዛል። ልቡ ለደከመ ሰው ጨው ማለት በሰውነቱ የሚጠራቀም ውሃ ነው፤ እግር ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ሰውየውም ተመልሶ ይተኛል።

ከክርክሩ ሁሉ ጎልቶ የወጣው ማስረጃ በ2006 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ የሕፃናት ሐኪሞችን የሚያሠለጥኑ 200 ሆስፒታሎችን አነጋግረው 59ኙ በግቢያቸው ፈጣን ምግብ ቤት እንዳላቸው አረጋገጡ። ከዚያም ሦስት የሕፃናት ሆስፒታሎችን መርጠው ልጆቻቸውን ለተመላላሽ ሕክምና ያመጡ ወላጆችን ጠየቁ። ማክዶናልድስ ባለበት ሆስፒታል 56 በመቶ የሚሆኑት በዚያው ቀን ፈጣን ምግብ በልተዋል፤ በሁለቱ ሌሎች 29 እና 33 በመቶ። ይህ እምብዛም አያስገርም፤ ምግብ ቅርብ ከሆነ ይበላል። የሚያስገርመው ቀጣዩ ነው፦ ምግብ ቤቱ ያለበት ሆስፒታል ጎብኚዎች ከሌሎቹ ሆስፒታሎች ጎብኚዎች ይልቅ የዚያን ኩባንያ ምግብ ለጤና የሚስማማ አድርገው ያዩት ነበር፣ ኩባንያው ሆስፒታሉን በገንዘብ ይረዳል ብለውም ያምኑ ነበር። ዋናው ጉዳት እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። አንድ ቀን የተበላ በርገር ማንንም አይገድልም። ሆስፒታሉ ግን ግድግዳውን ብቻ ሳይሆን ታማኝነቱንም አብሮ አከራይቷል፤ «መጥፎ ቢሆን እዚህ ባላስገቡት ነበር» የሚለውን የሰው ግምት።

ይህ ግምት ሌላም መነሻ አለው። በ1974 በፊላዴልፊያ፣ የልጆች ካንሰር ሐኪም የነበሩት ዶክተር ኦድሪ ኢቫንስና ልጁ በሉኪሚያ የታመመችበት የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች ፍሬድ ሂል ተባብረው የመጀመሪያውን የሮናልድ ማክዶናልድ ቤት ከፈቱ። ይህ ከሩቅ የመጡ ወላጆች ልጃቸው እስኪድን የሚያርፉበት ማደሪያ ነው፤ ምግብ ቤት አይደለም። ሥራው የሚመሰገን ነው። ቢሆንም ስሙ ከበርገሩ ስም ጋር አንድ በመሆኑ፣ ሕዝቡ የበጎ አድራጎቱን ቤትና የሽያጩን መደብር ለይቶ አያያቸውም።

ምግብ ቤቶቹን ለማስወጣት ከተደረጉት ሙከራዎች ክሊቭላንድ ክሊኒክ የተባለው የአሜሪካ ሆስፒታል ታሪክ የሚታወቀው ነው። በ2004 የተቋሙ ዋና ኃላፊ የሆኑት የልብ ቀዶ ሐኪሙ ቶቢ ኮዝግሮቭ፣ በልብ ሕክምና ስሙ የገነነ ተቋም በመግቢያው በርገር መሸጡ አልዋጥላቸው አለ። በግቢው የነበረው ፒዛ ሃት ወጣ። ማክዶናልድስ ግን በእጁ የረጅም ጊዜ ውል ነበረውና አልወጣም። ክሊኒኩ በ2007 ሰው ሠራሽ ጎጂ ስብን ከምግቡ አስወገደ፣ በ2010 በስኳር የጣፈጡ መጠጦችን ከግቢው አስወጣ፤ ማክዶናልድሱ ግን ውሉ አልቆ በ2015 እስከተዘጋበት ቀን ድረስ ሥራውን ቀጠለ። አንድ የልብ ሐኪም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ኃላፊ ሆኖ አንድ ተከራይ ማስወጣት አለመቻሉ፣ በዚህ ጉዳይ ከሕክምና ምክር ይልቅ የውል አንቀጽ እንደሚጸና ያሳያል።

ሌሎች ከውጭ ሆነው ገፉ። በ1985 የተመሠረተው «የኃላፊነት ሕክምና ሐኪሞች ኮሚቴ» የተባለው የአሜሪካ ማኅበር በሆስፒታሎች ደጃፍ የተቃውሞ ማስታወቂያ እስከ መስቀል ደርሷል፤ ማኅበሩ ሥጋን ከነጭራሹ የሚቃወም ስለሆነ ግን ሁሉም ሐኪም አይከተለውም። የአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር በ2017 ሆስፒታሎች የተቀነባበረ ሥጋን ከምግብ ዝርዝራቸው እንዲያወጡ ጠየቀ፤ ከሁለት ዓመት በፊት የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል ይህን ሥጋ ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦት ነበር። ካሊፎርኒያ በ2018 ሆስፒታሎች የጾም ምግብ፣ ማለትም ከእንስሳት ተዋጽኦ ነፃ የሆነ ምግብ እንዲያዘጋጁ በሕግ ደነገገች። የእንግሊዝ ሕዝብ ጤና አገልግሎትም ስኳር የበዛባቸው መጠጦች በሆስፒታል መደብሮች ከሚሸጠው መጠጥ ከ10 በመቶ እንዳይበልጡ ለሻጮች ገደብ አስቀመጠ።

መከልከል ለውጥ ያመጣል ወይ ለሚለው ጥሩ መልስ የመጣው ከለስላሳ መጠጥ ነው። በሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በ2015 በሆስፒታሎቹና በግቢው በስኳር የጣፈጠ መጠጥ መሸጥ አቆመ። ሠራተኛው ከቤቱ ይዞ እንዳይመጣ የከለከለው አልነበረም። አዘውትረው ይጠጡ የነበሩ 214 ሠራተኞች ከአሥር ወር በኋላ ሲለኩ የሚጠጡት በግማሽ ገደማ ቀንሶ፣ የወገባቸው ስፋትም በአማካይ 2.1 ሴንቲ ሜትር ጠቦ ተገኘ።

ቦታው ሲለቀቅ የሚተካው ነገር ሁሌም የተሻለ አይደለም። አንዳንዱ ሆስፒታል የራሱን ካፌቴሪያ አድሶ ሾርባና ጥራጥሬ ያቀርባል። በሌላው በፋንታው ቡና ቤት ይገባል፤ ከቡናው ጎን የሚደረደረው ኬክ ከበርገሩ የሚያንስ ስኳርና ስብ የለውም። ሦስተኛው ሳንቲም ሲገባበት የታሸገ ምግብ የሚሰጥ ማሽን ብቻ አቁሞ ይተወዋል፤ በዚያም ሌሊት የሚያድሩት ከቺፕስና ከቸኮላት ሌላ አያገኙም። አነስተኛ ደመወዝ የሚከፈላቸው የጽዳትና የጥበቃ ሠራተኞች ደግሞ አዲሱ «ጤናማ» ካፌ ዋጋው ከአቅማቸው በላይ ሲሆን ቀድመው ያማርራሉ፤ ቅሬታቸው ግን ውሉ በሚፈረምበት ጠረጴዛ ብዙም አይሰማም። በስልክ ማዘዝ ከተለመደ ወዲህ ደግሞ ከሆስፒታሉ የወጣው በርገር በሞተረኛ ተጭኖ ይመለሳል፤ ተረኛዋ ነርስ ወርዳ ከጥበቃው በር ትቀበለዋለች።