ዴንሲቲ አልቲትዩድ ምንድን ነው? ለጎንደር ሳር ሜዳ አይሮፕላን ለመግዛት ለሚያስቡ

ሰሞኑን ስለ ትንንሽ አይሮፕላን የሚያወራው ሰው በዝቷል። አንዱ ለጸረ ተባይ ርጭት፣ አንዱ ለቱሪስት፣ አንዱ ደግሞ ለራሱ አምሮት። ደስ ይላል። ግን "ዴንሲቲ አልቲትዩድ" የምትለዋ ነገር በየወሬው መሃል ትገባለች፤ በገባች ቁጥርም ተሳስታ ነው የምትጠቀሰው። በቅርቡ አንድ በልበ ሙሉነት የሚናገር ሰው "የአዘዞ ዴንሲቲ አልቲትዩድ ወደ 2,000 ሜትር ነው። ይሄ አይሮፕላን በ150 ሜትር ይነሳል። 200 ሜትር ሳር ካለህ ይተርፍሃል" ሲል ሰማሁት። ሦስት ዓረፍተ ነገር፣ ሦስት ስህተት። አጠገቡ ደግሞ ብሩን ይዞ የሚያዳምጥ ሰው ነበር።

እኔ የአይሮፕላን ጥገና ሰው ነኝ። ክንፍ እንዴት ያነሳል፣ ፕሮፔለር እንዴት ይጎትታል የሚለው ውስጥ አልገባም። በቀጥታ ወደ ስህተቱ ልሂድ።

ዴንሲቲ አልቲትዩድ የቦታ ከፍታ አይደለም። የአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ከፍታ ወደ 6,450 ጫማ ነው፤ ሰውየው 2,000 ሜትር ያለው ይሄንን ነው። ዛሬም ነገም ያው ነው። ዴንሲቲ አልቲትዩድ ግን በየሰዓቱ ይቀያየራል። አየሩ በዚያች ሰዓት ምን ያህል እንደሳሳ የሚናገር ቁጥር ነው። አየር በከፍታም ይሳሳል፣ በሙቀትም ይሳሳል። አይሮፕላኑ የትኛው እንዳሳሳው አያውቅም፤ ለእሱ ሁለቱም አንድ ናቸው።

ስሌቱ ቀላል ነው። በመደበኛው ልኬት የባህር ጠለል ሙቀት 15 ዲግሪ ነው፤ በየ1,000 ጫማው ወደ 2 ዲግሪ ይቀንሳል። ስለዚህ በአዘዞ ከፍታ መደበኛው ሙቀት 2 ዲግሪ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ለሚሆን ለእያንዳንዱ ዲግሪ ወደ 120 ጫማ ይደመራል። መጋቢት ላይ ከቀኑ 8 ሰዓት 28 ዲግሪ ሆነ እንበል። ልዩነቱ 26 ዲግሪ ነው፤ በ120 ሲባዛ ከ3,100 ጫማ በላይ ይመጣል። በድምሩ ወደ 9,570 ጫማ፣ ማለትም 2,900 ሜትር ገደማ። አዘዞ ላይ ቆማችሁ አይሮፕላናችሁ ደባርቅ ደርሷል ማለት ነው። በዚያው ቀን ማለዳ 12 ሰዓት ላይ 12 ዲግሪ ከነበረ ግን ቁጥሩ 7,650 ጫማ ብቻ ነው። ያው ሜዳ፣ ያው አይሮፕላን፣ ያው ሰው። (የአየር ግፊቱን መደበኛ አድርጌ ነው የወሰድኩት። በእውነተኛው ቀን ከፍታ መለኪያው ላይ አይታችሁ አስተካክሉ።)

"ጎንደር እኮ ደጋ ነው፣ ብርድ ነው፣ ሙቀት የበረሃ ጣጣ ነው" የሚል አይጠፋም። ከመደበኛው 26 ዲግሪ የበለጠ ሙቀት ብርድ አይባልም። ለሰው ደስ የሚለው አየር ለሞተር ትኩስ ነው። የበረሃውን ካነሳን ደግሞ መተማ ቆላ ነው፤ ወደ 700 ሜትር ቢሆን ነው። ሚያዝያ ላይ 40 ዲግሪ ሲገባ ግን ዴንሲቲ አልቲትዩዱ ወደ 5,800 ጫማ ይወጣል። የጣና ዳር ከፍታ ማለት ነው።

የመተማን ሰሊጥ ጫኝ አስቡት። እዚያው መተማ፣ በቀዝቃዛ ማለዳ፣ ኩንታሉን ተሸክሞ እያፏጨ መኪና ላይ ይወጣል። ያንኑ ሰው ደባርቅ ወስዳችሁ ያንኑ ኩንታል አሸክሙት። ጡንቻው ያው ነው፤ ትንፋሹ ግን ያጥረዋል። ሞተሩ ይሄ ነው። ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ጫማው ወደ 3 በመቶ ጉልበት ያጣል፤ አዘዞ ላይ ከሰዓት በኋላ 100 የፈረስ ጉልበት የተባለው ወደ 70 ይወርዳል። አሁን ደግሞ የሚረግጠው መሬት የሚያንሸራትት ጭቃ ይሁንበት። ይሄ ፕሮፔለሩ ነው፤ የሚቦጭቀው አየር ሳስቶበታል። በዚያ ላይ መኪናው ላይ ለመውጣት ተንደርድሮ መምጣት አለበት እንበል፤ ደባርቅ ላይ ደግሞ ከበፊቱ የበለጠ መሮጥ ግድ ሆነበት። ይሄ ክንፉ ነው። ምሳሌው ትንሽ እንደተንገዳገደ ይገባኛል፤ ግን አንድ ነገር ይቀረዋል። ቱርቦ ያለው ሞተር ማለት የመተማን አየር በጄሪካን ይዞ የመጣ ጫኝ ነው። ትንፋሽ አያጥረውም። ከጭቃውና ከሩጫው ግን አላመለጠም። "ቱርቦ ካለው ዴንሲቲ አልቲትዩድ አይመለከተውም" የምትሉ፣ እዚህ ጋ ቆም በሉ።

ሩጫውን በቁጥር እንየው። ፍጥነት መለኪያው ላይ 50 ኖት ሲል ትነሳላችሁ፤ ባህር ጠለልም አዘዞም ንባቡ አንድ ነው። በ9,500 ጫማ አየር ውስጥ ግን ትክክለኛው ፍጥነት 15 በመቶ ያህል ይበልጣል። ስታርፉም እንደዚያው። ፍሬኑ የሚያበርደው ጉልበት ደግሞ በሲሶ ይጨምራል። ጎርበጥባጣ ሜዳ ላይ ጎማውና እግሩ የሚመቱት በዚያ ፍጥነት ነው።

ወደ 150 ሜትሯ እንመለስ። ካታሎግ ላይ የምትጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ የባህር ጠለል፣ የ15 ዲግሪ፣ የደረቅ አስፋልት፣ የአዲስ ሞተርና የጎበዝ ፓይለት ቁጥር ናት። የእንግሊዝ ሲቪል አቪዬሽን ለትንንሽ አይሮፕላኖች የሚመክረው ማባዣ አለ። ለየ1,000 ጫማው 10 በመቶ፣ ለየ10 ዲግሪው 10 በመቶ፣ ለደረቅ ሳር 20 በመቶ፣ ለእርጥብ ሳር 30 በመቶ። ማባዣዎቹ እርስ በርስ ይባዛሉ እንጂ አይደመሩም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በመጋቢቷ ከሰዓት 150 ሜትሯ ለከፍታና ለሙቀት ብቻ ወደ 360 ትሆናለች። ደረቁ ሳር ሲታከልበት ወደ 430። ከዚያ በኋላ በ1.33 አባዙ ይላሉ፣ ለጥንቃቄ። ወደ 570 ሜትር ደረሰች። የሰውየው 200 ሜትር "የሚተርፈው" ከየት ላይ ነው?

መነሳት ብቻውን ደግሞ ምንም አይደለም። ሰው የሚጎዳው ከተነሳ በኋላ ነው። አይሮፕላን መሬት አጠገብ፣ ከክንፉ ርዝመት በማይበልጥ ከፍታ ላይ ሲሆን ቀለል ይለዋል፤ የማይችለውን የቻለ ይመስላል። ከሳሩ ይላቀቃል፣ ትደሰታላችሁ፣ ከዚያ ከፍ አልልም ይላል። ሜዳው ጫፍ ላይ ደግሞ ባህር ዛፍ ተደርድሯል፤ እኛ አገር መቼም ባህር ዛፍ የሌለበት ጫፍ የለም። የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን በሚያሳትመው፣ ከፍታና ሙቀት አይሮፕላኑን ምን ያህል እንደሚያደክሙ በሚያሳየው ኮክ ቻርት ላይ የታወቀ ምሳሌ አለ፦ 6,000 ጫማ ላይ፣ 38 ዲግሪ ሙቀት። የመነሻው ርቀት 230 በመቶ ይጨምራል፤ ከፍ የማለት አቅሙ 76 በመቶ ይቀንሳል። ጎንደር 38 አይገባም፣ እሺ። ግን የቱ በፍጥነት እንደሚያልቅ እዩ። በደቂቃ 700 ጫማ ይወጣ የነበረ አይሮፕላን 170 ቀረው ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይገዛ? መጀመሪያ የሞተር ጉልበትን ከክብደት ጋር አመዛዝኑ፣ ቀጥሎ የክንፉን ስፋት። ጎማ መጨረሻ። ሰው ግን በተገላቢጦሽ ነው የሚገዛው፤ ትልልቅ ጎማ ያየ ሁሉ "ይሄ የገጠር ነው" ይላል። ትልቅ ጎማ ድንጋይና ጉድጓድ ያሻግራል፤ እውነት ነው። ግን ክብደት ነው፣ አየርም ይጎትታል፣ ያችኑ የቀረችውን 170 ጫማ ይበላል። ከክንፍ ፊት ለፊት የሚገጠመው ስላትም እንደዚሁ። በዝግታ ለመብረር ይረዳል፤ አየሩን ግን አያወፍረውም።

ሴስና 150 ርካሽ ነው። 100 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ሁለት ሰው ጭኖ ከሰዓት በኋላ ከአዘዞ ሳር ላይ ለመነሳት ግን አልመክረውም። ሴስና 172 ባለ 160ው፣ ማለዳ፣ ሁለት ሰውና ግማሽ ነዳጅ ይዞ ይሠራል፤ አራት ወንበር አለው ብላችሁ አራት ሰው አትጫኑ። ፓይፐር ሱፐር ከብ ባለ 150ው ቀላልና ክንፈ ሰፊ ነው፤ ዋጋው ግን ከዕድሜው ጋር አይመጣጠንም። ከአዳዲሶቹ ቀላል ባለ ሁለት መቀመጫዎች ውስጥ ሮታክስ 914 ወይም 915 ሞተር የተገጠመለትን፣ ቱርቦ ያለውን፣ ፈልጉ። ተገጣጣሚ ከሆነ አንድ ብር ሳትከፍሉ ሲቪል አቪዬሽን ይመዘግብልኝ እንደሆነ ጠይቁ። ነዳጁንም እንዲሁ፤ የአይሮፕላን ቤንዚን በየኤርፖርቱ አይገኝም።

ያገለገለ ሴስና ካያችሁ ደግሞ የሞተሩን ክዳን አስከፍቱ። ከሞተሩ ኋላ ያለው ቆርቆሮ ግርግዳ ታችኛው ክፍል ላይ የተጨማደደ ከሆነ አፍንጫው ላይ አርፏል፤ ሻጩ ምንም ቢል። የፕሮፔለሩን ጠርዝ በጥፍራችሁ ዳስሱ፤ ጠጠር የበላው ቦታ ያዝ ያደርጋችኋል። ካንዴላውም ይፈታ። ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ባለቤቱ ደጋ ላይ ሚክስቸሩን (ከአየሩ ጋር የሚደባለቀውን ነዳጅ መጠን ማስተካከያ) ሳይቀንስ እየበረረ ነበር። ይሄ ከርዕሳችን ጋር ይገናኛል። በሳሳ አየር ውስጥ ነዳጅ ከበዛ ሞተሩ ይታፈናል። ቆላ የተማረ ፓይለት ሚክስቸሩን እስከ መጨረሻው ገፍቶ ለመነሳት ይሞክራል፤ ከዚያ "ሞተሩ ደክሟል" ብሎ እኛ ጋ ይመጣል። ሮታክስ 912 ካርቡሬተሩ ራሱ ያስተካክላል፤ እሱ ላይ ይህ ጣጣ የለም።

ደምቢያ ሜዳ ላይ ሊሠሩ ላሰቡ አንድ ቃል፦ ሜዳነቱ አያታልላችሁ። ዋልካው በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ጎማ ይውጣል። የተጨደ አጭር እርጥብ ሳር ላይ ደግሞ ፍሬን የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ይሄን ሁሉ ስሌት ማስላት ሰለቸኝ ለሚል ጥሩ ዜና አለኝ። የአይሮፕላኑ መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ የመነሻ ርቀት ሠንጠረዥ አለ። የሴስናውን ብትወስዱ በአንድ በኩል ከፍታ፣ በሌላ በኩል ሙቀት ነው የሚጠይቀው። ለአዘዞ በ6,000 እና በ7,000 ጫማ መሃል፣ 30 ዲግሪ ያለበትን ቁጥር አንብቡ። ከዚያ ግርጌው ላይ ያሉትን ጥቃቅን ጽሑፎች፤ የሳር ጭማሪው እዚያ ነው ያለው። ከሁለቱ ቁጥሮች ደግሞ የሚያስፈልጋችሁ 50 ጫማ ከፍታ እስኪደርስ የሚፈጀው ርቀት እንጂ ከመሬት የሚላቀቅበት አይደለም። ሻጩ የዚያን ገጽ ፎቶ አንስቶ ለመላክ ካንገራገረ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።