ከገበሬ እህል የመግዛት ሥራ በደሴና በኮምቦልቻ

ከገበሬ እህል መግዛት በደቡብ ወሎ ራሱን የቻለ መተዳደሪያ ነው። ገጠር ገበያ ላይ ጆንያ ከሚይዘው ልጅ ጀምሮ እስከ ዱቄት ፋብሪካ የግዥ ኃላፊ ድረስ ብዙ ሰው እንጀራው በዚህ ላይ ቆሟል። ለሩቅ ተመልካች ሥራው የዋጋ ክርክር ይመስለዋል። የዕለቱን ዋጋ ግን በአንድ የስልክ ጥሪ ማንም ያገኘዋል። ገዢን ከገዢ የሚለየው በዚያ ዋጋ ስንት ኪሎ እህል፣ ስንት ኪሎ ውሃና ስንት ኪሎ አፈር እንደገዛ ማወቁ ነው።

ሁለቱ ከተሞች በሀረጎ ጠመዝማዛ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁም አየራቸውም ሆነ የሚገባላቸው እህል የተለያየ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ብርድና ጉም ውስጥ ተቀምጣ የደጋውን እህል ትቀበላለች፤ ከኩታበር፣ ከደሴ ዙሪያና ከለጋምቦ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ምስር፣ ከወረኢሉና ከጃማ ስንዴና ጤፍ፣ በአቀስታ በኩል ከመካነ ሰላም ደግሞ ጤፍ ይመጣል። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ያለችና ሞቃት ናት። ከቃሉ፣ ከባቲና ከከሚሴ ዙሪያ ማሽላ፣ ጤፍና ማሾ ይገባባታል። ወደ አዲስ አበባም ሆነ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወስዱት መንገዶች እዚያ ስለሚገናኙ ፋብሪካዎቹና ትልልቆቹ መጋዘኖች ወደ እሷ ያደላሉ፤ የመጠባበቂያ እህል መጋዘንም አለባት።

ማን ይገዛል

የመጀመሪያው እርከን ሰብሳቢው ነው። ብዙ ጊዜ የአካባቢው ተወላጅ ሆኖ በከተማ ነጋዴ ገንዘብ ቀበሌ ውስጥ ወይም በገበያ ቀን ይገዛል፤ የሚከፈለው በኩንታል ታስቦ ነው። የራሱ ብር ያለው ደግሞ ለራሱ ገዝቶ አትርፎ ያስረክባል። ከሱ በላይ መጋዘን ያለው የከተማ ነጋዴ አለ፣ በመሃል ደላላው። ደላላ እህል አይገዛም፤ የገዢንና የሻጭን ቃል አገናኝቶ ድርሻውን ይወስዳል። ደላላውን እንደ ትርፍ ሰው የሚያዩት አሉ፤ ነገር ግን መኪናው አዲስ አበባ እህል በረንዳ ሲደርስ ጭነቱ ዋጋ እንዲያጣ ወይም እንዲያገኝ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ የደላላው ስም ነው።

ሌላው መስመር የኅብረት ሥራ ነው። በአዋጅ ቁጥር 985/2009 የሚተዳደሩት መሠረታዊ ማኅበራት ከአባላት ገዝተው ለዩኒየን ያስረክባሉ፤ ዩኒየኖች የግዥ ባለሙያ፣ የመጋዘን ኃላፊና የጥራት ተቆጣጣሪ ይቀጥራሉ። ጥንካሬያቸው ሚዛናቸው የሚታመን መሆኑና ከትርፉ ለአባሉ ክፍፍል መስጠታቸው ነው። ድካማቸው ፍጥነት ላይ ነው፤ ዋጋ የሚወስነው ኮሚቴ እስኪሰበሰብ ነጋዴው በኩንታል ጥቂት ብር ጨምሮ ገዝቶ ይሄዳል። ብድሩ ከመኸር በኋላ ዘግይቶ የተለቀቀለት ማኅበር ደግሞ የሚገዛው እህሉ ሲወደድ ነው።

የዱቄት ፋብሪካ ገዢ ከሁሉም የተለየ ዓይን ያስፈልገዋል። ስንዴውን በመልኩ ሳይሆን በሚሰጠው ዱቄት ይመዝነዋል፤ አንድ መቶ ሊትር ዕቃ የሚሞላው ስንዴ 76 ኪሎና ከዚያ በላይ ከመዘነ ፍሬው ሙሉ ነው፣ ከ70 በታች ከወረደ ግን የተጨማደደ ስለሆነ ፉርሽካው ይበዛል። የመንግሥትና የዕርዳታ ተቋማት በጨረታ ስለሚገዙ እዚያ ያለው የሥራ ዕድል በአብዛኛው ለናሙና ወሳጅ፣ ለጥራት መርማሪና ለመጋዘን ሠራተኛ ነው።

ይህ አሠራር ሁልጊዜ እንዲህ ክፍት አልነበረም። በ1968 የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን በደርግ ዘመን ገበሬውን በኮታና በተቆረጠ ዋጋ ያስረክበው ነበር፤ ነጋዴም ከገዛው ላይ ድርሻ እንዲሰጥ ይገደድ ነበር፤ ኬላዎች እህል ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር እንዳይሻገር ያግዱ ነበር። ኮታውና ቁርጥ ዋጋው የቀሩት ከየካቲት 1982 የኢኮኖሚ ማሻሻያ በኋላ ነው። የኮርፖሬሽኑ ወራሽ የሆነው የኢትዮጵያ እህል ንግድ ድርጅት በ2008 ወደ ኢትዮጵያ ንግድ ሥራዎች ኮርፖሬሽን ተጠቃሏል።

የግዥ ወቅት

ወሎ ሁለት ምርት አለው። የመኸሩ ከኅዳር እስከ ጥር ይሰበሰባል፤ ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳ፣ የግብርና የሠርግ ወጪ በአንድ ጊዜ ስለሚያጣድፈው በታኅሣሥና በጥር ገበያው በእህል ይጥለቀለቃል፣ ዋጋም ይወርዳል። ከሰኔ በኋላ እስከ መስከረም ይወደዳል። የደጋው በልግ፣ በተለይ ገብስና ስንዴ፣ የሚታጨደው በሰኔና በሐምሌ ነው፤ ክረምቱ ሲገባ ማለት ነው። ስለዚህ የበልግ እህል ሳይደርቅ ገበያ ይወጣል፤ አዲስ ገዢ በብዛት የሚከስረውም በዚህ ወቅት ነው፤ ዋጋው ጥሩ ስለሚመስል ያነሳዋል፣ ደሴ መጋዘን ውስጥ በጉሙ ምክንያት ሳይደርቅ ይቆይና ከርጥበቱ የተነሳ ሞቆ ይሻግትበታል።

ግዥው ሲካሄድ

መጀመሪያ ናሙና ነው። የተለመደው ደንብ ይህ ነው፦ እስከ 10 ጆንያ ከሆነ ሁሉም ይወጋል፣ ከ10 እስከ 100 ከሆነ በዘፈቀደ 10፣ ከ100 በላይ ከሆነ የቁጥሩ ስኩዌር ሩት (ለ400 ጆንያ 20 ማለት ነው)። መውጊያው ብረት ከአፍ፣ ከወገብና ከቂጥ መግባት አለበት። አፉ ላይ ንጹሕ እህል አድርጎ መሃሉን በገለባ መሙላት የታወቀ ነው፤ አፉን ብቻ አይቶ የገዛ ሰው የሚያማርረው ራሱን ነው።

ቀጥሎ ርጥበት። መለኪያ መሣሪያ ካለ ጥሩ፤ ከሌለ በጥርስ ይሞከራል፤ ደረቅ ስንዴ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፣ ርጥቡ ይደፈጠጣል። ከዚያ የተሻለው የጨው ዘዴ ነው። ደረቅ ጠርሙስ ሲሶው ድረስ እህል ይሞላል፣ በደንብ የደረቀ ጨው ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይጨመራል፣ ተከድኖ ለጥቂት ደቂቃ ይናጥና ለሩብ ሰዓት ይቀመጣል። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ ለመጋዘን አይሆንም። ካልተለጠፈ ከዚያ በታች ነው። መጋዘን ለሚከርም እህል የሚፈለገው 13 በመቶና ከዚያ በታች ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። 16 በመቶ ርጥበት ያለው 100 ኪሎ እህል 84 ኪሎ ደረቅ ነገር ይዟል። ወደ 13 በመቶ ሲደርቅ 84 ለ0.87 ሲካፈል 96.55 ኪሎ ይቀራል። በኩንታል 3.45 ኪሎ ተነነ ማለት ነው፤ 60 ኩንታል በጫነ አይሱዙ ላይ 207 ኪሎ ነው። ለሒሳቡ ያህል ኩንታሉ በ6,000 ብር ተገዛ ከተባለ፣ 360,000 ብር የወጣበት 60 ኩንታል ደርቆ 57.93 ይሆናል፣ አንዱ ኩንታል 6,214 ብር ገባ። ጫኝና አውራጁ፣ ደላላውና መኪናው ገና አልተከፈሉም። ልምድ ያለው ገዢ ርጥብ እህል አልገዛም አይልም፤ ይህን ልዩነት ከዋጋው ላይ ያነሳል፤ የሚያሰጣበት ቦታ ከሌለው ግን ይተወዋል።

ንጽሕናው በወንፊትና በሰፌድ ይታያል። በበሬ የተወቃ እህል ከአውድማው አፈርና እብቅ ይዞ መምጣቱ የተለመደ ነው፤ ያ ተንኮል አይደለም። ጤፍ ላይ ግን ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ አሸዋ በወንፊት አይለይም። እፍኝ ጤፍ ሰፌድ ላይ ሲንገዋለል ከባዱ አሸዋ በአንድ በኩል ይሰበሰባል፤ ቆንጥሮ ማኘክም ይበቃል፣ ጥርስ ወዲያው ይናገራል። ነጭ ጤፍ ውስጥ ቀይ ከገባበት በሠርገኛ ዋጋ ይገዛል እንጂ እንደ ነጭ አይከፈልም።

ሚዛን ላይ ጠብ የሚነሳው ብዙ ጊዜ ከመሣሪያው ነው። ባስኩሉ በየጠዋቱ ክብደቱ በታወቀ ነገር፣ ለምሳሌ በታተመ 20 ኪሎ የሚዛን ድንጋይ፣ በአራቱም ማዕዘን ይፈተሻል፤ ጠረጴዛው ካዘመመ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ልዩነት ያሳያል። የኬሻው ጆንያ አንድ ኪሎ ያህል ይመዝናል፣ ፕላስቲኩ ማዳበሪያ ግን ከ200 ግራም አይበልጥም፤ ሁለቱን በአንድ ሒሳብ መቀነስ ገበሬውን መዝረፍ ነው። ቁጥሩ ለገበሬው በሚታይበት በኩል ይቀመጥ። “አባ፣ እርስዎም ይዩት” ተብሎ የተመዘነ እህል ለሚቀጥለው ዓመትም ደንበኛ ያመጣል። በጣሳና በቁና መግዛት ገጠር ገበያ ላይ አሁንም አለ፤ የቁናው ልክ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ በዚያ የሚገዛ ሰው አንዱን ቁና በየእህሉ ዓይነት መዝኖ መያዝ አለበት።

እህሉ በየዓይነቱ

የቆላው ማሽላ፣ እንደ ጅጉርቲና ደጋሊት ያለው ነባር ዝርያ፣ ችግሩ ብዙ ጊዜ ጉድጓድ ነው። ከመሬት በታች የከረመ ማሽላ ከግድግዳው ርጥበት ይስባል፤ የጉድጓድ ሽታ ከያዘ በኋላ ቢሰጣም አይለቀውም፤ በእጅ ታሽቶ ይሸተታል። ማሾ ወደ ውጭ የሚላክና በምርት ገበያ በኩል የሚያልፍ ሰብል ስለሆነ የቀለም አንድነት፣ የተሰበረና በነቀዝ የተበሳ ፍሬ ይቆጠርበታል፤ ነቀዙ እንቁላሉን ማሳ ላይ ሳለ ስለሚጥል ዛሬ ንጹሕ የመሰለው ከሳምንታት በኋላ ቀዳዳ ሊሆን ይችላል። አተርና ሽንብራ ሲገዛ ጓያ መቀላቀሉ ይታያል፤ ጓያ ዋናው ምግብ ሆኖ ለወራት ሲበላ እግር ሽባ ያደርጋል፣ ስለዚህ ይህን ቸል ማለት ከዋጋ ጉዳይ ያልፋል። ስንዴና ገብስ ላይ ደግሞ ዝናብ መትቶት የበቀለ ፍሬ ይፈለጋል፤ የበቀለ ስንዴ ዱቄቱ ሊጥ አይዝም፣ የበቀለ ገብስም ብቅል አይሆንም።

ገንዘቡ

ትርፉ በኩንታል ትንሽ ስለሆነ ዋናው ነገር ብሩ ስንት ጊዜ ተመላለሰ ነው። በየሳምንቱ ሁለት ጊዜ ገዝቶ የሚያስረክብ ሰው በትንሽ ትርፍ ይኖራል፤ በጥር ገዝቶ እስከ ነሐሴ የሚያከማች ደግሞ የነቀዙን፣ የመጋዘን ኪራዩንና የተቀመጠ ብሩን ወለድ ከዋጋ ጭማሪው ላይ መቀነስ አለበት። ብዙ ሰው ይህን ሳይቀንስ “አተረፍኩ” ይላል። ሁለት ነገር ነጋዴን ይጥላል፦ ለሰብሳቢ ያለ ጽሑፍ የተሰጠ ቅድሚያ ብርና ለፋብሪካ በዱቤ የተጫነ እህል። ሰብሳቢው ዋጋ ሲጨምር እህሉን ለሌላ ሸጦ ብሩን “አብሽር፣ ነገ” እያለ ያዘገየዋል፤ ፋብሪካው ደግሞ ዱቄቱን እስኪሸጥ። መንገድ ሲዘጋ ይህ ሁሉ ይባባሳል፤ በ2014 ጦርነቱ ሁለቱ ከተሞች ሲደርስ በመጋዘን የነበረ ብዙ እህል ተዘርፏል።

ማከማቸት

ደሴና ኮምቦልቻ እዚህ ላይ ተቃራኒ ናቸው። በሙቀት ነቀዝ ከእንቁላል እስከ ጉልምስና አምስት ሳምንት ያህል ይበቃዋል፤ በብርድ ጊዜው ይረዝማል፣ ስለዚህ ደሴ የከረመ እህል ከነቀዝ ይሻላል፣ ከሻጋታ ግን አይደለም። ኮምቦልቻ ተቃራኒው ነው። በሁለቱም ጆንያው በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ርቆ ይደረደራል፤ በየ15 ቀኑ ይታያል። ለጥቂት ኩንታል አየር የማያስገባው ሦስት ድርብ ከረጢት ያለ መድኃኒት ይበቃል፤ እህሉ ግን ደረቅ መሆን አለበት፣ ርጥብ ከሆነ እዚያው ይበሰብሳል። ፎስቶክሲን የሚባለው እንክብል የሚለቀው ጋዝ ሰው ይገድላል፤ የሰለጠነ ሰው በሸራ አሽጎ ከ7 ቀን ላላነሰ ጊዜ፣ በደሴ ብርድ ደግሞ ከ10 ቀን በላይ ያቆየዋል። ዘበኛ የሚተኛበት ወይም ከመኖሪያ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ መጋዘን ውስጥ ፈጽሞ አይደረግም።

ወደ ሥራው መግቢያ

ብዙው ሰው የሚጀምረው ባስኩል ላይ በመመዝገብ ነው። አንድ የመኸር ወቅት የመዘነ ልጅ ጥራት ማየት ይጀምራል፣ ከዚያ ትንሽ ብር ይዞ ወደ ገጠር ገበያ ይላካል። ለዩኒየን፣ ለፋብሪካና ለተቋማት ግን በግብርና፣ በንግድ ሥራ ወይም በኅብረት ሥራ የተመረቀ ይፈለጋል፤ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የሚወጡ ልጆች ወረቀቱን ይዘው ይመጣሉ፣ ጆንያ መውጋት ግን እንደ ሌላው እዚሁ ይማሩታል። ሰኞ ባቲ ገበያ ለሚገዛ ኦሮምኛ ግድ ነው፤ አፋርኛ ቢጨመርበት የበለጠ ነው። ከሚሴም እንዲሁ።

ለራሱ የሚነግድ ሰው በአዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ተመዝግቦ ፈቃድ ያወጣል፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርም ይይዛል። ገበሬ ደረሰኝ ስለማይሰጥ ገዢው በግብር ቢሮው የተፈቀደ የግዥ ቫውቸር ያሳትማል፤ የገበሬው ስም፣ ቀበሌ፣ የእህሉ ዓይነት፣ ኪሎው፣ ዋጋውና ፊርማው ወይም አሻራው እዚያው ሚዛኑ ሥር ይሞላል። ማታ ቤት ገብቶ ከማስታወሻ የተገለበጠ ቫውቸር ላይ አሻራ አይኖርም፤ ያለዚያ ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ ለእህሉ የወጣው ብር እንደ ወጪ አይያዝለትም፣ ሽያጩ በሙሉ እንደ ትርፍ ተቆጥሮ ግብር ሊጣልበት ይችላል።