ለጢፋ ምንድን ነው?

«ቀልብህን ሰብስብ» የሚባል ሰው ደረቱን አይዳብስም። ሱፊዎችም (በእስልምና ውስጥ የመንፈሳዊ ጉዞ ሰዎች) ቀልብ ሲሉ ደም የሚረጨውን ሥጋ ሳይሆን በእሱ በኩል የሚሠራውን ረቂቅ ነገር ማለታቸው ነው። ይህን ለጢፋ ይሉታል፤ ሲበዛ ለጣኢፍ። ከአላህ ስሞች አንዱ ከሆነው አል-ለጢፍ ጋር ሥሩ አንድ ነው።

የለጣኢፎቹ ስሞች ከቁርአን የተለቀሙ ናቸው። ሱራ ጣሃ ቁጥር 7 ላይ አላህ ምስጢርንም ከምስጢርም ይበልጥ የተሸሸገውንም እንደሚያውቅ ይነገራል፤ «ሲር» እና «አኽፋ» የሚሉት ቃላት እዚያው አሉ።

ቁጥራቸው እንደየጠሪቃው (እንደየሱፊ መንገዱ) ይለያያል። ከሕንዱ አሕመድ ሲርሂንዲ (እ.ኤ.አ. 1564–1624) የሚነሣው የነቅሽበንዲያ ሙጀዲዲያ መስመር አሥር ያደርሳቸዋል። ቀልብ፣ ሩሕ (መንፈስ)፣ ሲር፣ ኸፊ (ስውር) እና አኽፋ «ሁን» በተባለ ጊዜ ከሆነው የትእዛዝ ዓለም ናቸው። ነፍስና አራቱ ባሕርያት፣ ማለትም እሳት፣ ነፋስ፣ ውሃና አፈር፣ ከፍጥረት ዓለም ናቸው።

ይህ ሁሉ ግን ለዚክር፣ ማለትም አላህን ለማስታወስ፣ ካልዋለ ባዶ ሥዕል ነው። ሙሪዱ (የሸይኹ ደቀ መዝሙር) ዓይኑን ጨፍኖ ምላሱን ከትናጋው ያጣብቃል፤ ከንፈሩ አይነቃነቅም። ሐሳቡን ከግራ ጡቱ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ያሳርፍና «አላህ» የሚለው ስም ከዚያ ሲነሣ ያዳምጣል። የቀልብ ቦታ ያ ነው። ሸይኹ «ይበቃል፣ እለፍ» እስኪለው እዚያው ይቆያል፤ ከዚያ በቀኝ ጡት ሥር ወዳለው ሩሕ ይሻገራል፣ እንዲህ እያለ ደረቱ መሐል እስካለው አኽፋ ይደርሳል። የነፍስ ተራ ከአምስቱ በኋላ ነው፤ ቦታዋም ግንባር ላይ ነው።

ብዙ ሰው ከሕንዶቹ ቻክራ (በሰውነት ውስጥ አሉ ከሚሏቸው የኃይል ማዕከላት) ጋር ያመሳስለዋል። እኔ አይዋጥልኝም፦ የቻክራ መስመር አከርካሪን ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ይሄ ደረት ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ይመላለሳል፤ የሚፈለገውም ኃይል ማስነሣት ሳይሆን ከአላህ ሌላ ያለውን ከልብ ማውጣት ነው።

ሱፊዎቹ ራሳቸውም በአንድ ካርታ አይስማሙም። የኩብረዊያ ጠሪቃው አላኡደውላ ሲምናኒ (እ.ኤ.አ. 1261–1336) ሰባት ይቆጥራል፤ ለእያንዳንዱም አንድ ነቢይና አንድ ቀለም ይሰጠዋል። እሱ ዘንድ ቀልብ ቀይ ነው፣ የኢብራሂም ነው። ሙጀዲዲዎቹ ዘንድ ቢጫ ነው፣ የአደም ነው። መጨረሻው ላይ ግን ይገናኛሉ፦ የሲምናኒ ሰባተኛው ለጢፋም ሆነ የሙጀዲዲዎቹ አኽፋ የነቢዩ ሙሐመድ ነው፣ አረንጓዴም ነው።