የሜክሲኮ የሙታን ቀን፦ አምልኮም አይደለም፣ ሃሎዊንም አይደለም

«የሜክሲኮ ሃሎዊን ነው።» አይደለም። ምዕራባውያን አስፈሪ ልብስ የሚለብሱበት ሃሎዊን ኦክቶበር 31 ነው። የሞቱ ዘመዶች የሚታሰቡበት የሙታን ቀን ኖቬምበር 1 እና 2 ይከበራል፤ በእኛ አቆጣጠር ብዙ ጊዜ ጥቅምት 22 እና 23 ላይ ይውላል። የመጀመሪያው ቀን በልጅነታቸው ላረፉ፣ ሁለተኛው ለአዋቂዎች ነው።

«የሜክሲኮ ሲቲው ትልቅ ሰልፍ ጥንታዊ ነው።» የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ መነሻውም እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ፣ እንዲህ ያለ ሰልፍ ያሳየ የጄምስ ቦንድ ፊልም ነው።

«ላ ካትሪና የአዝቴክ አምላክ ናት።» በበዓሉ የምትታየውን ይህችን ባለ ባርኔጣ የራስ ቅል እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ መጀመሪያ ለስላቅ የቀረጻት ሜክሲኳዊው የሕትመት ሠዓሊ ሆሴ ጓዳሉፔ ፖሳዳ ነው። ሙሉ አካልና ቀሚስ የሰጣት ሜክሲኳዊው ሠዓሊ ዲዬጎ ሪቬራ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1947 የግድግዳ ሥዕሉ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ ሰው ሁሉ የሚደጋግመው «ጠረጴዛ ዘርግተው ሙታንን ያመልካሉ» የሚለው ነው። ኦፍሬንዳ የሚባለው ይህ ጠረጴዛ የሚሰገድለት ጣዖት ሳይሆን የእንግዳ ማዕድ ነው። እንግዳው ደግሞ ዓመት ሙሉ የተናፈቀ አባት፣ እናት ወይም ልጅ ነው። በላዩ ያለውን አንድ በአንድ ማየት ይበቃል። ውሃው ከሩቅ መንገድ ለሚመጣ ጥማት ነው፤ ጨው ለመንጻት። ኮፓል የተባለው ሙጫ እንደኛ ዕጣን በፍም ላይ ይጨሳል። ሴምፓሱቺል የሚባለው ብርቱካናማ አበባ ባለቀለም ቅጠሉ ተነቅሎ ከደጃፍ እስከ ጠረጴዛው ይነሰነሳል፤ ነፍስ ሽታውንና ቀለሙን ተከትላ ቤቷን እንድታገኝ። ከሟቹ ፎቶ ፊት የሚቀመጠው እሱ ይወደው የነበረ ምግብ ነው እንጂ ለሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። ሙታን መዓዛውን ይወስዳሉ ይባላል፤ ሲያበቃ ቤተሰቡ ከጎረቤት ጋር ተካፍሎ ይበላዋል።

አዘጋጃለሁ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ የአበባውን ባለቀለም ቅጠል ቀድሞ ይነቅላል፤ ይጠወልግና ሽታው ይጠፋል። በዕለቱ ይነቀል። ሻማውን ለጌጥ ከተሰቀለው ስስ ባለቀለም ወረቀት ሥር ያቆማል፤ ወረቀቱ ወዲያው ይነዳል። ሻማው በብርጭቆ ውስጥ ሆኖ ከፊት ይቁም፣ ወረቀቱ ከኋላ ይሰቀል። ኮፓሉን ደግሞ በእፍኝ ይጨምራል፤ መስኮት ተከፍቶ ሽምብራ የሚያህል አንድ ፍሬ ይበቃል። ለበዓሉ የሚጋገረው የሙታን ዳቦ ላይ ያለው የአጥንት ቅርጽ የሚጠፋው ለእሱ የተለየው ሊጥ ሲለሰልስ ነው፤ ትንሽ ዱቄት ይጨመርለት፣ ጣትን ዘርግቶ ማድበልበልም ጉብ ጉቡን ያወጣዋል።

ሜክሲኳዊ ጎረቤት ከጠራችሁ ሻማ ወይም ዳቦ ይዛችሁ ሂዱ። ጥቁር መልበስ አያስፈልግም። በፎቶው ላይ ያለው ማን እንደሆነ ጠይቁ።